ኮሶውን አይቶ ሥጋውን ያላየው እንግዳ

የሞተ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፉ ተብለን ስንታዘዝ አብዛኞቻችን የሮጥነው ወደ ነገሥታቱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ሦስት ተማሪዎች ወሰዷቸው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ደግሞ የደብረ ማርቆስ ልጆች ተሻሙባቸው። እኔ ዘግይቼ ስደርስ የተረፈልኝ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ጄምስ ብሩስ። ስሙን ከታሪክ መጽሐፍ የማያውቅ የለም፤ የዓባይን ምንጭ አገኘ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ነው። (ሰከላ ላይ ምንጩን እየጠጡ ያደጉ ሰዎች እያሉ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለሌላ ጊዜ እንተወው።) መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። እያነበብኩ ስሄድ ግን ይህ ሰው ለእኛ ቤት የሚሆን ነገር ይዞ አገኘሁት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ወንዙ ጥቂት፣ ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ኮሶ ግን ብዙ ያወራል። አንባቢ ምሳ ላይ ከሆነ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩን ከቤት ልጀምር። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ ነው። ለገና ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገቡ፤ በሬው እግቢያችን ታረደ፤ መደብ መደቡ ወጥቶ ዕጣ ተጣለ። ታናሽ ወንድሜም አድጓል ተብሎ ቢላዋ ተሰጠውና ከአባቴ ጎን ቆሞ ጥሬውን በአዋዜ እየቆረጠ በላ። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ይኸው ልጅ ለብቻዬ ጠራኝና፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የውስጥ ልብሱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጭ ነገር እንዳየ ነገረኝ። ለእናቴ ስነግራት ምንም አልደነገጠችም። ኮሶ ነው፣ ለማን ያልመጣ ነገር ነው ብላ ገንዘብ ሰጠችኝ። ክኒን ተገዛለት፤ ዋጠ፤ ተገላገለ። ፋሲካ ሲደርስ ግን ያው ልጅ በዚያው ቢላዋ ከአባቴ ጎን ቆመ። ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም፤ እንዲያውም አብሬው በላሁ። ብሩስን ሳነብ ያሳፈረኝ ይህ ነው።

ጄምስ ብሩስ የተወለደው በታኅሣሥ 1730 በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በተባለ የቤተሰቡ ርስት ነው። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞቱ። ትምህርቱን በእንግሊዝ አገር ሃሮው በተባለው ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዘ፤ ቁጣውም ከቁመቱ አላነሰም። በ1754 የአንድ ወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አግብቶ ከንግዱ ድርሻ አገኘ። ሚስቱ ግን በተጋቡ በወራት ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ አረፈች። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቤት የሚያስቀምጠው ነገር ያጣ ይመስላል። አውሮፓን ዞረ፣ ዐረብኛ ተማረ፣ በግዕዝም ላይ ደከመ፤ በ1763 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ገባ። እዚያ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ሥራውን ትቶ የሰሜን አፍሪካን ፍርስራሾች እየለካ ዞረ፤ መርከብ ሰጥማበት በዋና ነፍሱን አተረፈ፤ ከዚያም ወደ ሶርያ ተሻገረ። ሐለብ ላይ ፓትሪክ ራስል ከተባለ ሐኪም ሕክምና ተማረ። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ በአገራችን በር የከፈተችለት እሷ ናት።

በመስከረም 1769 ምጽዋ ሲደርስ ከጎኑ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበረ። በአክሱም አድርገው በየካቲት 1770 ጎንደር ገቡ። ከተማዋ በፈንጣጣ ተይዛ ነበር። ዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ተቀምጠዋል፤ ኃይሉ ያለው ግን ከራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ግቢያቸው የታመሙ ልጆች ስለነበሩባቸው ይህን እንግዳ ሐኪም አስጠሩት። ብሩስ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ያደረገውን ስታዩ ሰውየው የዋዛ እንዳልነበረ ትረዳላችሁ። በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጠነ፤ ግድግዳውንና ዕቃውን በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ብሩስ ሐኪም ያጉቤ ተብሎ የቤተ መንግሥት ሰው ሆነ። ተሕዋስያን የሚባሉት በሽታ ያመጣሉ ተብሎ ባልታወቀበት ዘመን የቤት ንጽሕናንና በሽታን ያገናኘ ሰው ነበረ ማለት ነው። ከታች የምለውን ስህተቱን የሚያስገርመኝም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሥጋው። ብሩስ ገና ከአክሱም ሳይርቅ አንድ ነገር ማየቱን ጽፏል፤ ላም የሚነዱ ወታደሮች ላሟን አስተኝተው ከታፋዋ ሥጋ ቆርጠው ከወሰዱ በኋላ ቆዳውን መልሰው በጭቃ ደፍነው አስነሥተው ነዷት። ጎንደር ውስጥ ደግሞ የግብር ድግስ አየ። በሬው እደጅ ሲጣል፣ ሥጋው ትኩስ እንዳለ ሲገባ፣ በጤፍ እንጀራ ተጠቅልሎ በጨውና በበርበሬ ሲጎረስ፣ ሴቶች ወንዶችን ሲያጎርሱ ሁሉንም ጽፏል። ከጻፈው ውስጥ የተጋነነ ይኖርበታል፤ በተለይ ድግሱን ሲተርክ የለንደን አንባቢን ማስደንገጥ የፈለገ ይመስለኛል። ጥሬ ሥጋ መበላቱን ግን ለእኛ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ወደ ጎጃም ወረደ። ያን ጊዜ ዳሞትና አገው ምድር በፋሲል እጅ ነበሩ፤ ያለ ፋሲል ፈቃድ ምንጩ ጋ መድረስ አይታሰብም። ፈቃዱን አግኝቶ ኅዳር 4 ቀን 1770፣ በእኛ 1763 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ግሽ ደረሰ። ጫማውን አስወልቀውት ወደ ምንጩ ወረደ። ለጥቂት ቀናት ያረፈው ክፍለ ዓባይ ከሚባሉት የምንጩ ጠባቂ ሽማግሌ ቤት ነው። በኮኮናት ቅል ውኃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ብሎ ጠጣ። በኋላ ከእኔ በፊት የደረሰ አውሮፓዊ የለም ብሎ ቢከራከርም፣ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቆሞ ነበር። ደግሞም ባሉጋኒ አብሮት ግሽ ድረስ ሄዶ ሳለ፣ ብሩስ በመጽሐፉ ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈው። ባሉጋኒ የሞተው ከግሽ ከተመለሱ በኋላ በ1771 ጎንደር ላይ ነው። ጋዜጠኝነት ለምንማር ልጆች ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ አብሮህ የሠራውን ሰው ከታሪኩ ማውጣት ማለት ነው። የዕፀዋቱን ሥዕሎች አብዛኞቹን የሣለው ይኸው የተካደው ልጅ ነበረ።

ከእነዚያ ዕፀዋት አንዱ ኮሶ ነው። ብሩስ ስለ ኮሶ የጻፈው ገጽ ለእኔ ከዓባይ ምንጭ ይበልጥብኛል። ዛፉን፣ ቅጠሉን፣ የሚንዠረገገውን አበባ አንድ በአንድ ይገልጻል። ቀጥሎ ወንድ ሴት፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል የአገሩ ሰው ሁሉ በትል እንደሚቸገርና ነገሩን ለምዶት እንደሚኖር ይናገራል። በወር አንድ ጊዜ ጭብጥ የሚሆን የደረቀ የኮሶ አበባ በጠላ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት ይጠጣል፤ ጠጪው ያን ቀን ከጓደኛ ተሰውሮ ከቤቱ ይውላል። ሐበሻ ከአገሩ የማይርቀው በሌላ አገር ኮሶ ስለማያገኝ ነው የሚል ወሬም ሰምቶ መዝግቧል።

ይህን ለአያቴ ባነብላቸው ምን አዲስ ነገር አለው ይሉኝ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ሥራ አይታዘዝም፣ እንግዳም አይመጣበትም። ከጮቄ ሥር ባሉ ቀበሌዎችና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ዛፉ ዛሬም አለ፤ ኮሶ ባይኖር እንቆቆ አለ፣ መተሬ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስን እንኳ ሊሰድቧቸው የፈለጉ ሰዎች የኮሶ ሻጭ ልጅ ነበር የሚሏቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቋንቋችን ነው። መድኃኒቱም ኮሶ፣ ትሉም ኮሶ! ኮሶ ጠጣሁ እንላለን፤ ኮሶ ታየብኝ እንላለን። በሽታውን በመድኃኒቱ ስም የምንጠራው ሁለቱ አብረው የማይለያዩ ስለመሰሉን ይሆናል።

ብሩስ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚወጡት ትሎች አስካሪስ ከሚባሉት ወገን እንጂ ያ ረጅሙ ጥብጣብ መሳይ ትል አይደሉም ብሎ ጻፈ። ያየው የትሉን ቁርጥራጭ ነበር። የከብት ሥጋ ኮሶ አንድ ወጥ ትል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይረዝማል፤ ሰውነቱ ከአንድ ሺህ በላይ ክፍሎች የተቀጣጠለ ነው፤ በዕንቁላል የተሞሉት የመጨረሻዎቹ እየተበጠሱ፣ አንዳንዴም በራሳቸው እየተሳቡ ይወጣሉ። ወንድሜ ያየው ይህንን ነው። ብሩስ እያንዳንዱን ቁራጭ ራሱን እንደቻለ ትል ቆጠረው። በዚህ አልፈርድበትም፤ አጉሊ መነጽር ይዞ አልተቀመጠበትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የጥሬ ሥጋውን ማዕድ ከማንም አብልጦ የገለጸ ሰው፣ በወር በወር የሚጠጣውን ኮሶ ከማንም አብልጦ የገለጸ ሰው፣ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ ይህ ከዚያ ይምጣ ይሆን ብሎ አልጠየቀም።

ጥያቄው የተመለሰው ከሱ ሞት በኋላ ነው። በ1850ዎቹ ኩኸንማይስተር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአሳማውን ዓይነት ትል መንገድ አሳየ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሎይካርት የተባለ ሌላ ጀርመናዊ፣ ከሰው የወጣውን የኮሶ ዕንቁላል ለጥጃ አብልቶ በጡንቻው ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች ሲበቅሉ አገኘ። እንግዲህ ዙሩ እንዲህ ነው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ዕንቁላሉ ከሣሩ ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ሣሩን ይግጣል፤ ዕንቁላሉ በከብቱ ሆድ ተፈልፍሎ በደም ተጉዞ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ይቋጠራል። ያን ሥጋ ጥሬውን የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ቋጠሮው ተፈቶ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ሙሉ ትል ይሆናል። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም አጋማሽ ያለውን ጊዜ ቁጠሩት!

ለትሉ ማደጊያ የሚሆነው ሌላ ፍጡር የለም፤ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሬውን ያስያዝነው እኛው ነን ማለት ነው። ኮሶ መጠጣት፣ ዛሬ ደግሞ ጤና ጣቢያ የሚሰጡትን ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳሚድ መዋጥ፣ ያለውን ትል ያስወጣል። የሚቀጥለውን ቅርጫ አያግደውም። አያቶቻችን በየጊዜው መጠጣታቸው የመድኃኒቱ ድክመት አልነበረም፤ በየጊዜው እንደገና ይበሉት ስለነበረ ነው። ኮሶ ራሱም የዋህ መድኃኒት አይደለም፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይን የሚጎዳና ሰው የሚገድል ነው።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬበታለሁ። መጀመሪያ የሚመጣብኝ መልስ ሚጥሚጣው ይገድለዋል የሚል ነው። አይገድለውም። አዋዜውም፣ ሎሚውም፣ ከላይ የሚጨለጠው አረቄም አይገድለውም፤ አረቄው የሚደርሰው ሆድ እንጂ ሥጋው ውስጥ የተቋጠረው ከረጢት ጋ አይደለም። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ያው ነው። ጠርዙ ተለብልቦ መሃሉ ቀይ ከሆነ መሃሉ ጥሬ ነው። የሚገድለው እሳት ነው። ሥጋው መሃሉ ድረስ ቀይነቱ እስኪጠፋ ሲበስል ያልቅለታል፤ የተፈጨ ወይም የተከተፈ ከሆነ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢደርስ ይመከራል። ቴርሞሜትር ያለው ማዕድ ቤት ስላላየሁ፣ ትልቁን ሙዳ በቢላዋ ሰንጥቆ መሃሉን ማየት ይሻላል።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ፍሪዘር ያለው ሰው ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በላይ በቀዘቀዘ ሁኔታ ለ10 ቀን ቢያቆየው ከረጢቱ ይሞታል። ፍሪዘር ስል በረዶ የሚሠራውን ማለቴ ነው፤ ወተትና ወጥ የምናስቀምጥበት የፍሪጁ ክፍል ምንም አያደርገውም። ከሁለት ቀን አንዴ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ደግሞ 10 ቀን ማለት በወሬ ነው፤ እንዲህ ባለ ቤት እሳቱን ማመን ይሻላል። ቋንጣም ሥጋ ለማቆየት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቀጭን ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ በደንብ ጠጥቶ፣ ዝንብ በማይደርስበት ሲደርቅ። እሱም ቢሆን ድስት ውስጥ ገብቶ ይብሰል፤ ከተሰቀለበት እየቀነጠቡ መብላቱ ለልጅ አይበጅም።

ቄራ የታረደ ሥጋ የሚመረምር ሰው ይነካዋል፤ እግቢ የታረደ ቅርጫ ግን መርማሪው እናንተው ናችሁ። ከረጢቱ ከአተር ፍሬ አይበልጥም፤ ነጣ ብሎ ውኃ የቋጠረ ነው። የመንጋጋ ሥጋ፣ ምላስ፣ ልብና የወርች ሥጋ ላይ መፈለግ ይለመዳል። ከታየ ከበሬው ማንም ጥሬ አይብላ። ካልታየስ? ካልታየም የለም ማለት አይደለም፤ ጥቂት ሲሆን የሠለጠነ መርማሪም ያመልጠዋል። ከቅርጫው ቀን ይልቅ የሚያዋጣው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ነው፤ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቆፍሩ እያሉ የለመኑን ሽንት ቤት። ሕፃናት ከጓሮ ጥጃው ከሚግጥበት ሣር ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ኮሶውን በእጃችን እየዘራነው ነው።

ስለ ቢላዋውም አንድ ነገር ልበል። ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ኮሶ ብቻ አይደለም፤ ሳልሞኔላና መሰሎቹ ትልን ያህል እንኳ ሳይታዩ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይጥላሉ። በበዓል ቀን እኛ ቤት ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ፣ በጨርቅ ጠረግ ተደርጎ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይከተፋል። ሰላጣው እሳት አያይም። መክተፊያውን ወይ መለየት ወይ በሳሙናና በሞቀ ውኃ ማጠብ፣ እጅንም እንዲሁ። የተረፈ ወጥ ደግሞ ምድጃ ዳር እንደሞቀ ማደር የለበትም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ በርዶ ቀዝቃዛ ቦታ ይግባ፤ በማግስቱ ለብ ሳይሆን ፈልቶ ይቅረብ።

ወደ ብሩስ ልመለስ፤ የተረፈው ታሪክ ሌላ ትል አለበት። በታኅሣሥ 1771 ከጎንደር ወጥቶ በስናር በኩል በረሃውን አቋርጦ በጥር 1773 ካይሮ ደረሰ። ከእስክንድርያ መርከብ ከተሳፈረ በኋላ እግሩን በላው፤ ከቅልጥሙ ላይ አንዲት ቁስል ወጣች፤ ከቁስሏ የትል ራስ ብቅ አለ። የጊኒ ትል የምንለው ነው። እንደ አገሬው ዘዴ በየቀኑ በጥቂቱ እየጠቀለሉ ሲያወጡት ተበጠሰና እግሩ አብጦ ማርሴይ እስኪደርስ በሥቃይ ተኛ። በኋላ ኢጣልያ ፖሬታ ፍል ውኃ ሄዶ ነው ያገገመው።

የዚህን ትል ምክንያት ብሩስ አልሳተም። የታቆረ ውኃ ከሚጠጡ ሰዎች ላይ እንደሚታይ ጽፏል፤ ልክ ነው። ትሉ የሚገባው በኩሬ ውኃ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ነፍሳት አማካይነት ነው፤ ሰው ከዋጣቸው ዓመት ያህል ቆይቶ ይወጣል። ለዚህ ትል ክትባት የለውም፤ የሚገድል ክኒንም የለውም። ሆኖም በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓመት ይይዝ የነበረው በሽታ ከ2021 ወዲህ በዓመት ከ20 ሰው በታች ወርዷል። አገራችንም ጋምቤላ ላይ ስትታገለው ቆይታለች። ያጠፋው በዋናነት ውኃን በጨርቅ አጥልሎ መጠጣትና የታመመው ሰው ከኩሬው እንዳይገባ መከልከል ነው። ኮሶ ግን መድኃኒቱ በጓሯችን እየበቀለ፣ ክኒኑም በየጤና ጣቢያው እያለ፣ እስከ ዛሬ አለ። እኔ ምክንያቱ መድኃኒቱ ራሱ ይመስለኛል፤ ይወጣል ብለን ስለምናምን ለምን እንደገባ አንጠይቅም። ብሩስም የሱ እግር ላይ የወጣውን ትል ከየት መጣህ አለው፤ የሌላውን ሰው ትል ግን የአገሩ ልማድ ብሎ አለፈው።

በ1774 ለንደን ሲገባ መጀመሪያ አደነቁት፤ ብዙም ሳይቆይ ሳቁበት። መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ሦስት ቅጂ ይዞ መምጣቱ ሊቃውንቱን እንጂ አዳራሹን አላስደሰተም። አዳራሹ የያዘው ሥጋውን ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ክርስቲያን ሕዝብ አለ ብሎ ማን ይመነው? በወጣትነቱ የኢየሱሳዊው ሎቦን የሐበሻ ጉዞ የተረጎመው ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው። ብሩስ ተቀይሞ ኪኔርድ ገባ፤ በ1776 ዳግም አገባ፤ መጽሐፉን ያወጣው ሁለተኛ ሚስቱም ከሞተች በኋላ፣ በ1790፣ በአምስት ቅጽ ነው። ያን ጊዜም አልተማረም፤ በ1792 የወጣ የባሮን ሙንሐውዘን የውሸት ተረት ተከታይ መጽሐፍ ለሱ መታሰቢያ ተብሎ ታተመ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች አንድ ነገር ይተርካሉ። ቤቱ የመጣ አንድ እንግዳ ጥሬ ሥጋ ሊበላ አይችልም ብሎ ቢከራከረው፣ ብሩስ ወጥ ቤት ገብቶ ጥሬ ሙዳ በጨውና በበርበሬ ይዞ ተመለሰ፤ ወይ ብላ ወይ ውጣና እንጋጠም አለው። እንግዳው በላ። ከዚያ ወዲያ ያ እንግዳ ሆዱን ምን እንዳገኘው ታሪኩ አይናገርም፤ የስኮትላንድ በሬ ንጹሕ ሆኖ ካተረፈው ደግ ነው።

ሚያዝያ 26 ቀን 1794 እራት ጋብዞ ነበር። ሲጨርሱ አንዲት እንግዳ ወይዘሮ ሠረገላቸው ድረስ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ በጣም ወፍሮም ነበር። በማግስቱ ሞተ። በረሃ ያልገደለው፣ የስናር ንዳድ ያልጣለው ሰው በገዛ ደረጃው ሞተ። ላርበርት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ለኮሶ የሰጠው ሳይንሳዊ ስም የዕፅዋት ሊቁን የጆሴፍ ባንክስን ስም የያዘ ነበር፤ ስሙ ለሌላ ተክል ቀድሞ ተሰጥቶ ስለነበር ቀረና ዛፉ ዛሬ ሀጌኒያ አቢሲኒካ ይባላል። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ሙሉ ስሙን ሲጽፉ ከጎኑ በቅንፍ ብሩስ ብለው ይጨምራሉ።

ይህን ጽሑፍ ሳልጨርስ ለእናቴ ደውዬ ዙሩን ነገርኳት። ሣሩ ላይ ስደርስ ዝም አለች፤ የጥጃውን ነገር አላሰበችውም ነበር። አባቴ ከኋላዋ ሆኖ ኮሶ ያልያዘው ጎጃሜ አለ ወይ እያለ ሲስቅ ይሰማኛል። ተደራድረን ለሚመጣው ገና ሁለት ሆኗል፤ ለልጆቹ ድስቱ ቀድሞ ይጣድና በደንብ የበሰለ ይወጣል፤ ጥሬው ለአባቴና ለጓደኞቹ በሌላ ቢላዋና በሌላ መክተፊያ ይቀርባል። ሽንት ቤቱም በር ይገጠምለታል ተብሏል። ታናሽ ወንድሜ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም ገና አልወሰነም።